ጉድጓዱን ማን ደፈነው?

የታዴዎስን አስከሬን ያገኙት የራሱ ሠራተኞች ናቸው። የናይሮቢዋ ኢስትሊ ሰፈር ባለሱቆች መዝጊያቸውን ወደ ላይ እየገፉ በሚከፍቱበት ማለዳ፣ ለመንገድ ጥገና በቆርቆሮ ወደታጠረው ስፍራ ሲገቡ፣ አለቃቸው ከመንገዱ ዳር ባለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ውስጥ በፊቱ ተደፍቶ አዩት።

ኢንስፔክተር ሰዲቃ ስትደርስ ሰዉ አጥሩን ከቦ ይንሾካሾካል። ሰዲቃ ሞያሌ ተወልዳ ያደገች ኬንያዊት መርማሪ ናት። አማርኛን ከእናቷ ሱቅ ደንበኞች አፍ ስለለመደችው፣ ናይሮቢ ውስጥ ሐበሻ ሲሞት ወይም ሲጠፋ ስልኩ ለሷ ይደወላል።

«አዳልጦት ነው» አላት ቀድሟት የደረሰው ፖሊስ። «ትናንት ሲመሽ ዘንቧል። ወድቆ ጭንቅላቱን ከቦዩ ጠርዝ ጋር አጋጭቷል።»

ሰዲቃ ጎንበስ ብላ አየች። ቁስሉ ከማጅራቱ በላይ ነው።

«በፊቱ የተደፋን ሰው የኋላ ራሱን ምን መታው?» አለች።

ፖሊሱ ቁስሉን ለማየት ጎንበስ አለ። ሌላም ነገር አልጣማትም። ሠራተኞቹ ሁሉ የሚያንጸባርቅ ቢጫ ሰደርያ ለብሰዋል። ሟቹ ግን በሸሚዙ ብቻ ነው።

ከሠራተኞቹ መካከል አንድ ወጣት አስከሬኑን ትቶ መንገዱ ላይ አፍጥጧል። ናትናኤል ይባላል፤ የታዴዎስ ረዳት ቴክኒሻን ነው። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ኬንያ ከገባ ወዲህ ሌላ አገር አያውቅም።

«ምን አየህ?» አለችው።

«ማዳም፣ ጉድጓዱ የለም።»

«የቱ ጉድጓድ?»

«ትናንት የቆፈርነው! ስንሄድ ኦፕን ነበር። አሁን ፉል ነው፤ ሞልቷል። ሰምባዲ፣ ሌላ ሰው ደፍኖታል፤ እኛ አይደለንም።»

እውነትም ከመንገዱ መሐል በአራት ማዕዘን ተቆርጦ የነበረው ስፍራ ጥቁር ነገር ሞልቶበታል። ላምባ የመሰለ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ባዶ ከረጢቶች ጥግ ላይ ተጥለዋል፤ አንድ አካፋ በዝናብ ታጥቦ አጥሩን ተደግፏል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ኮልድ ሚክስ፤ ቀዝቃዛ አስፋልት ነው። ማሞቅ የለ፣ ምን የለ። ከረጢቱን ቀደህ ታፈሳለህ፣ ትጠቀጥቃለህ፣ ወዲያው መኪና ያልፍበታል። ለአስቸኳይ ጥገና አሪፍ ነው። እዚህች ቦታ ላይ ግን ስንት ጊዜ ሞላነው፣ ስንት ጊዜ ሰመጠ! ታዴ በቃኝ አለ። ‹ቁስሉን ሳናጥብ ፋሻ ብቻ እንቀያይራለን› ነበር የሚለው። መንገዱ ተዘግቶ እስከ ታች ይቆፈር ብሎ ድርቅ አለ።»

«ታዲያ ጉድጓዱን ክፍት ትታችሁ ለምን ሄዳችሁ?»

«ውሃውን በፓምፕ እየሳብን ሳለ ታዴ ገባና እጁን ጭቃው ውስጥ ከትቶ የሆነ ነገር ዳሰሰ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። ‹በቃ ሂዱ፣ የቀረውን እኔ አየዋለሁ› አለን።»

«አንተስ ወዴት ሄድክ?»

ናትናኤል ዓይኑን ሰበረ። «ቤት። ካሳራኒ።»

ሰዲቃ መልሱን ሰማች፤ አላመነችውም።

ከመንገዱ ማዶ ማንጎ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ትናንት ሊመሽ ሲል፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ በአጥሩ ክፍተት አንድ ሰው ከከረጢት ሲያፈስ እንዳየች በስዋሂሊ ነገረቻት።

«ምን ይመስላል?»

«ቢጫ ሰደርያ ለብሷል። ሠራተኛ ነው ብዬ ተውኩት።»

«ፊቱን አላየሽም?»

«ሰደርያ ለለበሰ ሰው ማን ፊት ያያል፣ ማዳም? ሰነፍ እንደሆነ ብቻ አየሁ። አንዷን ከረጢት ባፈሰሰ ቁጥር ወገቡን ይዞ ይቆማል።»

ሰዲቃ ዞራ ሠራተኞቹን አየች። ሁሉም ወጣቶች፣ ሁሉም ባለሰደርያ ናቸው።

ከአጥሩ ፊት ለፊት የገብሬ ምግብ ቤት አለ። ደፉ ላይ ጥቁር የጫማ ኮቴ ታትሟል፤ ሰዲቃ ጣቷን አስነካችና አሸተተችው። ያው የላምባ ሽታ ነው። ገብሬ፣ ሞላ ያለ የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ፣ ከጀሪካን ውሃ እየቀዳ እጁን ሲታጠብ ደረሰችበት።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተሃል ይባላል።»

«ተጣልቻለሁ። ማን ደበቀ?» አለ እጁን በፎጣ እየጠረገ። «መንገዱ ሲዘጋ ማን ይመጣልኛል? ታክሲው ማታቱ እንኳ በዚህ አይዞርም። ደፍነህ ክፈተው አልኩት። ደግሞ ለገበያዬ ብቻ እንዳይመስልሽ። ማዕዶት የምትባል የሰፈራችን ልጅ የሞተችው እዚያች ጉድጓድ ላይ ነው። ጎርፉ ሸፍኗት ባለሞተሩ ቦዳ ቦዳ ጉድጓዷን አላያትም፤ ልጅቷ ተወርውራ በጭንቅላቷ ወደቀች። ከዚህ ቤት ጋቢ አውጥቼ የሸፈንኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ክፍት ጉድጓድ ማየት አልችልም።»

«ደፍህ ላይ ያለው ኮቴስ?»

«ጠዋት ጩኸት ሰምቼ ሮጬ ገባሁ። የረገጥኩትን መች አየሁ?»

«ትናንት ሲመሽ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። የልደት ድግስ ነበረብኝ፤ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ሲቀርጹኝ ነው ያመሹት፤ ቪዲዮውን ጠይቂያቸው።»

ሰዲቃ ጠይቃ አየችው። ገብሬ ሳህን ተሸክሞ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ድግሱ ተጀምሮ እስኪያልቅ ከምስሉ አልጠፋም። ይሁን እንጂ ሰውየውን ከልቧ አላወጣችውም። ሰው በገንዘቡ እጅ ይገዛል።

ከምግብ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ባለፎቅ ማደሪያ የጋሽ ዘርይሁን ነው። ከድንበር የሚመጣ ስደተኛ ሁሉ ስማቸውን ይዞ ነው ኢስትሊ የሚገባው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ታዴዎስም ኢንጂነርነቱ ሳይታወቅለት፣ ወረቀት ሳያገኝ፣ እሳቸው ቤት በነጻ ከርሟል። ሰዲቃ ስትገባ ግቢው ውስጥ ሁለት እንግዶች ቧንቧ ከፍተው ልብስ ያጥባሉ። እጇ ላይ የነበረውን ጭቃ እዚያው ታጠበች።

ጋሽ ዘርይሁን በነጠላ ጫማ ወጥተው ተቀበሏት። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ልጄን ነው ያጣሁት» አሉ። «የወለድኩት ያህል ነው።»

«ጠላት ነበረው ጋሼ?»

ትንሽ አመነቱ። «ሰው ማማት አልወድም። ግን ገብሬ ‹ይህን መንገድ የምትዘጋው በሬሳዬ ላይ ነው› ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«እርስዎ ትናንት ሲመሽ የት ነበሩ? ለሁሉም የምጠይቀው ነው።»

«የማታ ጸሎት ላይ። ትንሽ ብዘገይም ያገለገልኩት እኔው ነኝ። ማኅበረ ምእመናኑን ጠይቂ።»

አቀፏትና እየጸለዩ ሸኟት። ሰዲቃ ሙስሊም መሆኗን አላጡትም፤ እሷም አሜን ብላ ወጣች።

* * *

የታዴዎስ ሚስት ፋናዬ፣ ካሳራኒ ውስጥ ከቲካ መንገድ ገባ ብሎ ባለ የኪራይ ቤት ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር ተቀምጣለች። ባሏ መሞቱን ከሰማች ወዲህ አልቅሳ አልወጣላትም፤ ድምፅዋ ደርቋል።

«ከሰዓት በኋላ ደወለልኝ» አለች። «ደስ አላለውም። ‹ነገ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ዛሬ ግን አንድ ሰው ቀድሞ መስማት አለበት› አለኝ።»

«ማን?»

«አልነገረኝም። ‹ጸሎት ላይ እንገናኝ› ብሎ ዘጋው። ቦታ ይዤለት ብጠብቅ ብጠብቅ...»

«ከመሥሪያ ቤቱ አለቃ ጋርስ እንዴት ነበሩ?»

«በየቀኑ ይጨቃጨቁ ነበር። አለቃው ቶሎ ቶሎ ይላል፤ ታዴ ደግሞ ማዕዶት ከሞተች ወዲህ ቶሎ የሚል ቃል መስማት አይፈልግም። አብራን የምትዘምር ልጅ ነበረች።» እንባዋ መጣ። «ትናንት እኮ ምን የመሰለ ጸሎት ነበር። ጋሽ ዘርይሁን ባዶ እግራቸውን መድረክ ላይ ወጡ። ‹የቆምክበት ስፍራ የተቀደሰ ነውና ጫማህን አውልቅ› ብለው ሲሰብኩ ያላለቀሰ አልነበረም። ታዴ ይህን ቢሰማ እያልኩ ነበር።»

ሰዲቃ ትከሻዋን ዳበስ አድርጋ ወጣች። ቀድሞ መስማት ያለበት ሰው ማነው? አለቃው? ወይስ የመንገድ ሥራው ውስጥ ያለ ሌላ ሰው?

የታዴዎስ አለቃ ሚስተር ንጁጉና ባለጸጎች ሰፈር ላቪንግተን ነው የሚኖረው። ሳሩ የተስተካከለ ግቢ ውስጥ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አነጋገራት። አንዲትም ነገር አልካደም።

«ደፍነህ ክፈት ብዬዋለሁ። ትናንትም በስልክ ጮኼበታለሁ። ኢንስፔክተር፣ ዝናቡ ገብቷል፤ ከተማው ወንፊት ሆኗል። ለአንድ ጉድጓድ አንድ መንገድ ከዘጋሁ፣ ለሌላው መቶ ጉድጓድ ሰው ከየት አመጣለሁ? ዛሬ የተሠራ መናኛ ጥገና፣ ለከርሞ ከሚጠበቅ ጥሩ ጥገና ይሻላል። ይህ ጭካኔ ከመሰለሽ አንድ ቀን ወንበሬ ላይ ተቀመጪ።»

«ስለዚህ ሰው ልከው አስደፈኑት።»

«የማስደፍን ቢሆን በጠራራ ፀሐይ መኪና ልኬ ነው።»

«ሲመሽ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ምስክሬ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ናትናኤል።»

ሰዲቃ የግቢው በር ላይ ያለውን ካሜራ አስከፍታ አየች። ናትናኤል ቀን በብርሃን ገብቶ፣ ዝናቡ ሲያባራ ነው የወጣው። ወዲያው አስጠራችው።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

ልጁ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «አፍሬ ነው ማዳም። ታዴ መንገዱን ሙሉ በሙሉ ሊዘጋው ነው ብዬ ለመናገር ነው የመጣሁት። ቦስ ሳይቱን ላንተ እሰጥሃለሁ ብሎኝ ነበር። እሱ እኮ ነው ሥራ ያስተማረኝ! እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ እሱን...» ሊጨርሰው አልቻለም።

ከሃዲ ነው፤ ገዳይ ግን አይደለም። አለቃውም አይደለም። ገብሬም ከቪዲዮው አልወጣም። ሰዲቃ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሳ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ «መንገዱ እንዲከፈት የፈለገ ማነው?» ብላ ስትጠይቅ ውላለች። አሁን ግን አንድ ነገር ኮረኮራት። ጉድጓዱን የደፈነው ሰው ቆርቆሮውን አልነካውም። መንገዱ እንዲከፈት የፈለገ ሰው አጥሩን ያነሳ ነበር። ይህኛው አጥሩን እንደቆመ ትቶ ጉድጓዱን ብቻ ሞላ።

መንገዱ ጉዳዩ አልነበረም። ጉዳዩ ከሥር ያለው ነገር ነው።

* * *

በማግስቱ ጠዋት ኢስትሊ ስትመለስ መንገዱ ቢጫ ጀሪካን በጫኑ ምኮኮቴኒዎች ተጣቧል። የሰፈሩ ውሃ ሁልጊዜም የሚመጣው በእነዚህ የእጅ ጋሪዎች ነው። ሰዲቃ አንዱን ለማሳለፍ ጥግ ያዘች። ጋሪው እየተንገጫገጨ አልፏት፣ በጋሽ ዘርይሁን በር ገባ። ሌላም ተከተለው።

በሩ ላይ ትናንት ልብስ ስታጥብ ያየቻት እንግዳ ባልዲ ይዛ ቆማለች።

«ውሃ ጠፋ እንዴ?» አለቻት ሰዲቃ።

«ተይኝ እባክሽ። እዚህ ቤት የምንከራየው ለውሃው ብለን ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሲደርቅ እኛ ጋ ጠፍቶ አያውቅም። ትናንት ማታ ከጣሪያው ላይ ያለው ታንከር አለቀ፤ ጋሼ ደግሞ ቱቦው ተበላሸ ይላሉ።»

ሰዲቃ እንደ ሰላምታ ራሷን ነቀነቀችና ወደ አጥሩ ሄደች። ለናትናኤል ያለችው አንድ ቃል ነው።

«ክፈተው።»

ቀዝቃዛው አስፋልት ገና አልጠነከረም፤ በዶማ ሲመቱት እየተገመሰ ወጣ። ሥሩ ያለው አፈር ሲገለጥ ናትናኤል ዶማውን ጣለና ተንበርክኮ በእጁ ጨበጠው።

«ደርቋል» አለ። «ማዳም፣ ይሄ ጉድጓድ ደርቆ አያውቅም። በበጋም ውሃ ነበረው።»

«ቀጥል።»

በእጁ ጫረ። ከዋናው የውሃ ቱቦ ላይ፣ አሁን በተዘጋ ትንሽ ቫልቭ በኩል፣ አንድ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ተቀጥሏል፤ መገጣጠሚያው በመኪና ከመነዳሪ ጎማ ተጠቅልሎ በሽቦ ታስሯል። ሽቦው ዝጓል፣ ጎማው ተሰንጥቋል። ዙሪያውን አፈሩ ታጥቦ ሄዶ ባዶ ዋሻ ሆኗል።

«ለካ ውሃው ከላይ አልነበረም» አለ ናትናኤል። «እኛ ከላይ እየደፈንን እሱ ከሥር ይቦረቡር ነበር። ስንቴ ብንሞላው ቢሰምጥ ምን ይገርማል? ታዴ በእጁ የነካው ይሄን ነው።»

ቀጭኑ ቱቦ በአስፋልቱ ሥር አድርጎ በቀጥታ ወደ ጋሽ ዘርይሁን ግቢ ያመራል።

* * *

ጋሽ ዘርይሁን ግቢያቸው ውስጥ፣ በደረቀው ቧንቧ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ሰዲቃ ከፊታቸው ቆመች።

«ጋሼ፣ ጫማዎን ያሳዩኝ።»

«የቱን ጫማ ልጄ?»

«ከትናንት በስቲያ ወደ ጸሎት ሲሄዱ ያደረጉትን።»

ሽማግሌው ነጠላ ጫማ ያደረገ እግራቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ።

«መድረክ ላይ ባዶ እግርዎን ወጡ። ሰው ሁሉ ለእግዚአብሔር ክብር መሰለው። ያ ጥቁር ነገር በውሃ አይለቅም፤ በሽታውም ራሱን ያጋልጣል። ስለዚህ ጫማዎን በር ላይ አስቀርተው ስብከት አበጁለት። ውሃውንም በቫልቩ ዘጉ፤ ጉድጓዱ ቢከፈት እንኳ ደርቆ እንዲገኝ። ታንከሩ እስኪያልቅ ማንም አላወቀም።»

ጋሽ ዘርይሁን ቀስ ብለው ተነሱ። ሰዲቃ ተከተለቻቸው። ወገባቸውን ይዘው አልጋቸው ሥር ጎነበሱና አንድ ጥቅል አወጡ። ሲፈታ ሰደርያው መጣ፤ በውስጡ ሶላቸው ጥቁር የሆነ አንድ ጥንድ ጫማ አለ።

«ውሃውን ያስቀጠልኩት ለራሴ አይደለም» አሉ አልጋው ላይ ቁጭ ብለው። «ያኔ ቤቱ በሕፃንና በነፍሰ ጡር ተሞልቶ ነበር። ለስደተኛ ውሃ ማጠጣት ኃጢአት ነው?»

«አይደለም። ታዴዎስ ምን አለዎት?»

«ጠራኝ። ቱቦውን አሳየኝ። ‹ጋሼ፣ ማዕዶትን የገደላት ይሄ ነው። ነገ ሁሉም ያየዋል። ዛሬ ግን ከእርስዎ አፍ ይሰማ፤ እኔም ከጎንዎ እቆማለሁ› አለኝ። ቀብሯ ላይ የጸለይኩት እኔ ነኝ እኮ! እናቷን ያጽናናሁት እኔ ነኝ! ምን ብዬ ነው የምናገረው? ትንሽ ጊዜ ስጠኝ አልኩት። ‹ጊዜ የለም ጋሼ፤ ሌላ ሰው ይሞታል› ብሎ ሰደርያውን አውልቆ ቱቦውን ሊፈታ ጎንበስ አለ። ከዚያ አካፋው... እንዴት እጄ እንደገባ አላውቅም።»

«ያውቃሉ» አለች ሰዲቃ ለስለስ ባለ ድምፅ። «ወደ ቦዩ ጎትተውታል። ሰደርያውን አንስተው ለብሰዋል። ከረጢቱን አንድ በአንድ አፍስሰው፣ ጠቅጥቀው፣ ለማገልገል ሄደዋል።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ለመጀመሪያ ጊዜ እንባቸው ደርቆ ነበር።

«ትቀድሚኛለሽ ወይስ ልቅደም?» አሉ በሩን እያዩ።

«ይቅደሙ ጋሼ» አለችና አብሯት የመጣውን ፖሊስ ጠራች።

* * *

ለፋናዬ ራሷ ሄዳ ነገረቻት። ፋናዬ አልጮኸችም። ሴቶቹ ሁሉ ሲያለቅሱ እሷ ግድግዳውን ስታይ ቆየች።

«እሱ ቦዩ ውስጥ ተኝቶ» አለች በመጨረሻ፣ «እኔ አሜን እያልኩ ነበር።»

ሰዲቃ ወደ ጎኗ ተጠጋች። እጇን ይዛ ተቀመጠች።

«ታዴ ለሰውየው ቀድሞ ባይነግረው ኖሮ?» አለች ፋናዬ።

«በሕይወት ይኖር ነበር።»

«አዎ። ግን ታዴ አይሆንም ነበር።» ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «አሁን ያ ጉድጓድ ምን ይሆናል?»

ሰዲቃ መልሱን ስለማታውቅ ተነስታ ወደ ኢስትሊ ተመለሰች።

ስትደርስ ከአጥሩ ደጅ የጭነት መኪና ቆሟል፤ ላዩ በቀዝቃዛ አስፋልት ከረጢት ተሞልቷል። ሚስተር ንጁጉና ጃንጥላ ዘርግቶ ትእዛዝ ይሰጣል። ናትናኤል ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ አልወጣም ብሏል።

«ኢንስፔክተር፣ ሰውየው ተይዟል፣ ነገሩ አልቋል» አለ ንጁጉና። «ሞልተን እንክፈት። ሰማዩን እያየሽው ነው።»

«ቱቦው ጋ ያለው ዋሻስ?»

«በሌላ ጊዜ በጀት ሲኖር ይታያል።»

ገብሬ ከምግብ ቤቱ ደጅ ሆኖ ይሰማል። ሰዲቃ ዞር ብላ አየችው፤ እሱ ግን መንገዱን ክፈቱ አላለም። አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«ይህ የወንጀል ስፍራ ነው» አለች ሰዲቃ። «እኔ ሳልፈቅድ ማንም አይደፍነውም።»

«እስከ መቼ? ምርመራሽ ምን ያህል ይፈጃል?»

ሰዲቃ ወደ ጉድጓዱ ጠርዝ ተጠጋች።

«ናትናኤል፣ ያን ቱቦ ነቅላችሁ፣ የታጠበውን አፈር አውጥታችሁ፣ ከሥር ጀምራችሁ እየጠቀጠቃችሁ ለመውጣት ምን ያህል ይፈጃል?»

ልጁ ቀና ብሎ አያት። ገባው።

«እንደ ታዴ ከሠራነው ሳምንት ማዳም።»

«እንግዲያው ምርመራዬ አንድ ሳምንት ይፈጃል» አለች ለንጁጉና።

«ለአለቆችሽ እደውላለሁ!»

«ይደውሉ። ቁጥሩ ከሌለዎት እሰጥዎታለሁ።»

የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ጠብ አለ። ገብሬ ከምግብ ቤቱ ሸራ አውጥቶ፣ አንዱን ጫፍ ለሰዲቃ አቀበላት። ሁለቱ ሆነው ጉድጓዱ ላይ ዘረጉት፤ ናትናኤልም ከሸራው ሥር መቆፈሩን ቀጠለ።